የነገው ደመወዝ የማን ነው?

በሴፕቴምበር 1930 ሀንት የተባለ ሰው ኢሊኖይ ውስጥ ከአንድ አበዳሪ ድርጅት 300 ዶላር ተበደረ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ዘመኑ አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት የተመታችበት ነበር። ለብድሩ ያስያዘው ቤት ወይም መሬት ሳይሆን ገና ያልሠራበትን ደመወዝ ነው፤ ዕዳውን ባይከፍል አበዳሪው ከቀጣሪው ዘንድ ሄዶ ከደመወዙ እንዲወስድ ፈረመ። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በማርች 1931፣ ሀንት ለፌዴራል ፍርድ ቤት አመልክቶ ኪሳራ አወጀ። በኦክቶበር 1932 ፍርድ ቤቱ ከዕዳው ነጻ አወጣው። በዚያው ወር ግን አበዳሪው ቺካጎ ከሚገኝ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ሀንት ከኪሳራው በኋላ ከሠራበት ደመወዝ ድርሻዬ ይሰጠኝ ሲል ቀጣሪውን የባቡር ኩባንያ ከሰሰ።

የአበዳሪው ክርክር ዝም ብሎ የሚናቅ አልነበረም። ዕዳው ተሰርዞ ይሆናል፣ መያዣዬ ግን አልተሰረዘም ነው ያለው። ቤቱን ያስያዘ ሰው ኪሳራ ስላወጀ ብቻ ቤቱ ከመያዣነት አይወጣም፤ ደመወዙን ያስያዘስ በምን ይለያል? የኢሊኖይ ፍርድ ቤቶችም ከዚያ ቀደም በነበሩ ጉዳዮች ይህንኑ አሳብ ተቀብለው ነበር። ነገሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1934 ዳኛ ጆርጅ ሰዘርላንድ በጻፉት ውሳኔ እልባት አገኘ። ሰው ሠርቶ የማደር ችሎታው እንደ ቤትና መሬት ተይዞ የሚኖር ንብረት አይደለም፤ የነገ ጉልበቱን ለትናንት ዕዳ አስሮ ማቆየት የኪሳራ ሕጉን ዓላማ ከንቱ ያደርገዋል ብሎ ፍርድ ቤቱ ለሀንት ፈረደ።

ይህን የቆየ ክስ ያስቀደምሁት የግል ኪሳራ የተያዘን ደመወዝ ለምን እንደሚያስለቅቅ ከዚህ ይበልጥ የሚያስረዳ ጉዳይ ስለማላውቅ ነው። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን «ባንክራፕሲ» ሲባል የሚታያቸው ቤትና መኪና ማጣት፣ ስም መጥፋት ነው። የሕጉ ትልቁ ጉልበት ያለው ግን በደመወዝ ላይ ነው። እስከ ዛሬ የተበደርኸው የእስከ ዛሬ ሀብትህን ይመለከታል፣ ከነገ ጀምሮ የምትሠራው ያንተ ነው ይላል ሕጉ። ይህን ሳያውቁ ደመወዛቸው ለዓመታት ሲቆረጥ ዝም ብለው የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው።

ደመወዝ በድንገት የተያዘ ቢመስልም ከበስተጀርባው ረጅም መንገድ አለ። የክሬዲት ካርድ ዕዳ ለወራት ሳይከፈል ይቆያል፤ ባንኩ ዕዳውን ለሰብሳቢ ድርጅት ይሸጣል፤ ሰብሳቢው ይከሳል፤ መጥሪያው ምናልባት ባለዕዳው ከለቀቀው አድራሻ ይሄዳል፣ ወይም ደርሶት ሳይከፈት ከማስታወቂያ ወረቀቶች ጋር ይከመራል። በቀጠሮው ቀን ተከሳሽ ስላልቀረበ ብቻ ይፈረድበታል። የዕዳ ክሶች እጅግ ብዙዎቹ የሚያልቁት እንዲህ ነው፤ ዳኛ ማስረጃ መርምሮ ሳይሆን መልስ የሚሰጥ ሰው ጠፍቶ። ሜሪላንድ ውስጥ መጥሪያ የደረሰው ሰው እከራከራለሁ ብሎ ለማሳወቅ ያለው ጊዜ 15 ቀን ነው። ያች ወረቀት በወቅቱ ብትሞላ ስንቱ ክስ መልኩ ይለወጥ ነበር! መጥሪያ ፈጽሞ ያልደረሰው ሰው ደግሞ ፍርዱ እንዲነሣ ማመልከት ይችላል። ኪሳራን ከማሰብ በፊት ይህ መጣራት አለበት።

ድሮ ይህ የመከራከር ዕድልም አልነበረም። ዊስኮንሲን ውስጥ ስናያዳክ የተባለች ሠራተኛ የ420 ዶላር ዕዳ አለባት ተብሎ፣ ገና ሳትሰማና ሳትከራከር፣ ከ63 ዶላር ከ18 ሳንቲም ደመወዟ ግማሹ ታገደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 ይህን አሠራር ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ብሎ ሻረው። ዛሬ ለተራ ዕዳ ደመወዝ ለመያዝ መጀመሪያ ፍርድ ያስፈልጋል።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ1968፣ ኮንግረስ ደመወዝ የሚያዝበትን መጠን የሚገድብ ሕግ አውጥቶ ነበር። ኮንግረሱ በሕጉ መግቢያ ላይ ያሰፈረው ምክንያት ከርዕሳችን ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው፤ ደመወዝን ያለ ገደብ መያዝ አበዳሪዎች ለማንም እንዲያበድሩ ያደፋፍራል፣ ሠራተኛው ከሥራ እንዲባረር ያደርጋል፣ ግዛቶች የየራሳቸውን መጠን ማውጣታቸውም የኪሳራ ሕጉን ወጥነት አጥፍቷል ይላል። ደመወዝ በጨከነ መጠን በሚያዝበት ሁሉ ሰው ወደ ኪሳራ እንደሚሸሽ ሕግ አውጪዎቹ ተረድተውት ነበር ማለት ነው።

ገደቡ እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ቼክ እንየው። አትላንታ በሆቴል የምትሠራ እናት አለች እንበል፤ ወይዘሮ አልማዝ እንበላት። የሳምንት ደመወዟ 900 ዶላር ነው። የፌዴራልና የግዛት ግብር፣ ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር ሲነሣ 720 ይቀራል። ስሌቱ የሚጀምረው ከዚህ ከ720 ነው፤ በራሷ ፈቃድ የምታስቆርጠው የጤና መድን አይቀነስላትም። ሕጉ ሁለት ቁጥሮችን አስልቶ ትንሹን ይወስዳል። አንደኛው ከ720 ላይ 25 በመቶ ነው፤ 180 ዶላር። ሁለተኛው ደመወዙ ከፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 30 እጥፍ የሚበልጥበት ነው። ዝቅተኛው ክፍያ ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ቆሞ ስለቀረ 30 እጥፉ 217 ዶላር ከ50 ነው፤ ከ720 ሲቀነስ 502 ከ50 ይመጣል። ትንሹ 180 ነውና በየሳምንቱ 180 ዶላር ይቆረጣል። የመድኑ 60 ዶላር ሲታከል ለቤት ኪራይ፣ ለቤንዚን፣ ለልጆችና አገር ቤት ላለች እናት የሚተርፋት 480 ነው። በሳምንት 217 ዶላር ከ50 ወይም ከዚያ በታች የሚያገኝ ሰው ግን ለተራ ዕዳ አንድ ሳንቲም አይነካበትም።

አንዳንድ ግዛቶች ከዚህ የበለጠ ይጠብቃሉ። ቴክሳስ፣ ፔንስልቬንያ፣ ሰሜንና ደቡብ ካሮላይና ለክሬዲት ካርድና ለመሳሰለው ዕዳ ደመወዝ መያዝን በአብዛኛው ይከለክላሉ። በሌላ በኩል የልጅ ቀለብ እስከ ግማሽ፣ እንደ ሁኔታውም እስከ 65 በመቶ ያስቆርጣል። ያልተከፈለ የፌዴራል የተማሪ ብድር ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ 15 በመቶ ሊያስይዝ ይችላል፤ ግብር ሰብሳቢው አይአርኤስም የራሱ ስሌት አለው። በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝ ሲሶ እንዳይበልጥ ስለሚገድብ አሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

እንግዲህ ወይዘሮ አልማዝ ኪሳራ ብታመለክት ምን ይሆናል?

ማመልከቻው ፍርድ ቤት ከገባበት ደቂቃ ጀምሮ፣ ዳኛ ምንም ሳይወስን፣ በሕጉ ኃይል እግድ ይጸናል። ክስ ይቆማል፣ የሰብሳቢ ስልክ ይቆማል፣ የደመወዝ ቆረጣም ይቆማል። እዚህ ላይ አንድ ተግባራዊ ነገር አለ፤ እግዱ ቢጸናም የደመወዝ ክፍሉ በራሱ አያውቅም። የጉዳዩን ቁጥር የያዘ ማስታወቂያ ለቀጣሪው ደመወዝ ክፍል፣ ለከሳሹ ጠበቃና የመያዣውን ትእዛዝ ላወጣው ፍርድ ቤት በዚያው ቀን መላክ ያስፈልጋል። ማመልከቻው ሐሙስ ገብቶ ማስታወቂያው ሰኞ ቢላክ የዓርቡ ቼክ ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል፤ ያን ማስመለስ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ፣ ሌላ ጥበቃ ነው። እግዱን እያወቀ መቁረጡን የሚቀጥል አበዳሪ ግን ላደረሰው ጉዳት ካሣና የጠበቃ ወጪ ይከፍላል፣ ሲብስም ቅጣት ይጨመርበታል።

የሄደውም ገንዘብ ቢሆን ሁሉም ጠፍቶ አይቀርም። ከማመልከቻው በፊት ባሉት 90 ቀናት አንድ አበዳሪ ከደመወዝ የወሰደው ድምር 600 ዶላር ከሞላ፣ ገንዘቡም ሕጉ ለባለዕዳ ከሚተውለት ንብረት ውስጥ ከገባ፣ ሊመለስ ይችላል። ወይዘሮ አልማዝ ለ8 ሳምንት ተቆርጦባት ከሆነ 1,440 ዶላር ነው። ዓመት ሙሉ ስትታገሥ ቆይታ ከሆነ ግን ከ90 ቀኑ በፊት የሄደው አይመለስም። ስለዚህ ነው መጠበቅ ትዕግሥት መስሎ ገንዘብ የሚያስከፍለው።

የኪሳራው መንገድ ለግለሰብ በዋናነት ሁለት ነው። በተለምዶ ቻፕተር 7 የሚባለው አራት ወር ገደማ ይፈጃል። የማመልከቻ ክፍያው 338 ዶላር ሲሆን በክፍልፋይ መክፈል ይቻላል፤ ገቢው በጣም ዝቅተኛ ለሆነ ሰውም ሊቀር ይችላል። ከ2005 ወዲህ ገቢው ከግዛቱ መካከለኛ ገቢ በላይ የሆነ ሰው ተጨማሪ ማጣሪያ አለበት፤ የሚታየውም ያለፉት ስድስት ወራት ገቢ ነው። ቻፕተር 13 ደግሞ ለሦስት ወይም ለአምስት ዓመት በዕቅድ መክፈል ነው። ቤቱ በሐራጅ ሊሸጥበት የደረሰ፣ ወይም የግብርና የልጅ ቀለብ ውዝፍ ያለበት ሰው የሚመርጠው ይህን ነው። በቻፕተር 13 ብዙ ጊዜ ክፍያው ራሱ ከደመወዝ እየተቆረጠ ጉዳዩን ለሚያስተዳድረው ባለአደራ ይላካል። ልዩነቱ መጠኑ ከባለዕዳው የኑሮ ወጪ ተነሥቶ መቅረቡና ማለቂያው ቀን መታወቁ ነው። ልዩነቱ ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው፣ ወለድ የሚወልድ ፍርድ ከደመወዝ በምን ያህል ዓመት እንደሚያልቅ ቁጭ ብሎ እንዲያሰላ እመክራለሁ።

ኪሳራ የማያስቆመውን ማወቅም ያስፈልጋል። ለልጅ ቀለብ የሚቆረጠው ደመወዝ በእግዱ አይቆምም፤ መቆምም አልነበረበትም። የተማሪ ብድር ቆረጣ ጉዳዩ እስኪያልቅ ይቆማል፣ ዕዳው ግን በአብዛኛው አይሰረዝም። የቅርብ ዓመታት ግብር፣ በማጭበርበር የተገኘ ገንዘብና የወንጀል መቀጮም እንዲሁ። በቻፕተር 7 አንዴ ከዕዳ ነጻ የወጣ ሰው በዚያው መንገድ እንደገና ነጻ ለመውጣት ከቀድሞው ማመልከቻ 8 ዓመት ማለፍ አለበት። ማመልከቻ አስገብቶ ለጊዜው ደመወዝ አስለቅቆ መተውም አያዋጣም፤ ጉዳዩ ተዘግቶበት በዓመት ውስጥ ዳግም የሚያመለክት ሰው እግዱ የሚጸናለት ለ30 ቀን ብቻ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። በእኛ ማኅበረሰብ ሰው ኪሳራ ከማወጁ በፊት ባሉት ወራት፣ በሀፍረትና በቅንነት ተገፋፍቶ፣ የሚያደርጋቸው ነገሮች ከዕዳው የባሰ ይጎዱታል።

የመጀመሪያው የጡረታ ገንዘብን ማውጣት ነው። በሥራ ቦታ የሚጠራቀም የ401ኬ ቁጠባ በኪሳራ ጊዜ አበዳሪ የማይነካው ነው። ሰው ግን «ሰው ሳይሰማ ልክፈልና ልገላገል» ብሎ ያንን ያወጣል፤ ግብርና መቀጮ ይከፍልበታል፤ የቀረውን ለክሬዲት ካርዱ ይሰጣል፤ ሳይበቃ ቀርቶ ከዓመት በኋላ ኪሳራ ያውጃል። ሕግ የጠበቀለትን አውጥቶ፣ ሕግ ሊሰርዝለት ለነበረ ዕዳ ከፈለ። በእርጅናው ማን ይተካለታል?

ሁለተኛው ለዘመድ መክፈል ነው። ወንድሙ 5,000 ዶላር አበድሮት ከሆነ፣ ባንክ ይቅር ወንድሜን ግን አላስቀይምም ብሎ ለእሱ ይከፍላል። በእኛ ባህል ይህ ምግባር ነው። ሕጉ ግን አንዱን ባለገንዘብ ከሌላው ማስቀደም ይለዋል፤ ለውጭ ሰው የሚቆጠረው 90 ቀን ለቅርብ ዘመድ አንድ ዓመት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የተከፈለውን ባለአደራው ከወንድሙ ላይ ሊያስመልስ ይችላል። ወንድምን ከመቀየም ለማዳን የተደረገው ወንድምን ፍርድ ቤት ያቆማል። የሚሻለው የወንድምን ብድር ከሌላው ዕዳ ጋር መዘርዘር ነው። ዕዳው በሕግ ከተሰረዘ በኋላ በራሱ ፈቃድ ከአዲሱ ደመወዙ ለወንድሙ መስጠት የሚከለክለው የለም።

ዕቁብም በማመልከቻው ላይ መጻፍ አለበት። ዕጣው የወጣለት ሰው ያልጨረሰው መዋጮ ዕዳ ነው፤ ዕጣው ያልወጣለት ደግሞ እስካሁን የጣለው የሚጠይቀው ሀብት ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ለአንድ ሰው ከ600 ዶላር በላይ የተሰጠ ስጦታም ይዘረዘራል፤ ለእናት በየወሩ የሚላከውን ጠበቃው መስማት አለበት። ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ የሚሰጥ ግን ልዩ ጥበቃ አለው። በ1998 በወጣ ሕግ መሠረት ከዓመት ጠቅላላ ገቢ እስከ 15 በመቶ የሚደርስ ምጽዋት በቅንነት እስከተሰጠ ድረስ ባለአደራው አያስመልሰውም። አሥራት የሚያወጣ ሰው እምነቱን ደብቆ ቅጽ እንዲሞላ የሚያስገድደው የለም።

ከሁሉ የሚከብደው አዲስ አበባ ያለው ቤት ነው። ኮንዶሚኒየሙ፣ በእኅት ስም የተገዛው ቦታ፣ ከአባት የወረሰው ድርሻ። «አሜሪካ ምን አገባው?» ይባላል። ሕጉ የባለዕዳውን ንብረት የሚጠይቀው የትም ይሁን የት፣ በማንም እጅ ይሁን ነው። ማመልከቻው የሚፈረመው በሐሰት ብናገር ይፍረድብኝ ተብሎ ነውና እያወቁ መደበቅ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀል ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ወንጀለኛ አይደለም፤ ንብረቱን ሲደብቅ ግን ይሆናል። የዜግነት ወረቀቱን ለሚጠብቅ ሰው ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው። ኪሳራ ማወጅ በራሱ ዜግነት ከሚያስከለክሉ ነገሮች አይቆጠርም፤ በማጭበርበር መቀጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ በአገር ቤት ንብረት ያለው ሰው ከማመልከቱ በፊት ለጠበቃ በግልጽ መናገር አለበት። አንዳንዴ ምክሩ ቻፕተር 13 ይሆናል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አታመልክት ይሆናል። ጠበቃ ያልሆነ ቅጽ ሞይ እንዲህ ያለ የሕግ ምክር እንዳይሰጥ ሕጉ ይከለክለዋል፤ ዋጋው መርከሱ ብዙ ሰው አስቷል።

ዋስ የሆነልንን ሰውም እናስብ። ለመኪና ብድር አብሮ የፈረመ ጓደኛ በእኛ ቻፕተር 7 ነጻ አይወጣም፤ አበዳሪው ፊቱን ወደ እሱ ያዞራል፣ የእሱም ደመወዝ በተራው ሊያዝ ይችላል። ቻፕተር 13 በአንጻሩ ለፍጆታ ዕዳ አብሮ የፈረመውንም በዕቅዱ ዘመን በእግድ ይሸፍናል። በመሥሪያ ቤት ደመወዙን ለሌላ ሰው ዋስ አድርጎ የሚያውቅ አንባቢ የዚህ ልዩነት ክብደት ይገባዋል። ከማመልከቱ በፊት ለዋስ መንገር ግድ ነው፤ ከፖስታ ሳይሆን ከወዳጁ አፍ ይስማው።

ሂደቱ ራሱ ከሚፈራው ያነሰ ነው። ከማመልከቻው በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ የዕዳ ምክር ትምህርት መውሰድ፣ በኋላም አንድ የገንዘብ አያያዝ ኮርስ መጨረስ ያስፈልጋል። በወር ገደማ ውስጥ ባለአደራው ስብሰባ ይጠራል። ዳኛ የለበትም፤ ዛሬ ዛሬ አብዛኛው በቪዲዮ ነው። መታወቂያና የሶሻል ሴኩሪቲ ማስረጃ ይታያል፣ ቃለ መሐላ ይፈጸማል፣ ጥያቄው ይከተላል። ማመልከቻውን ከመፈረምህ በፊት አንብበኸዋል? ንብረትህን ሁሉ ዘርዝረሃል? ገንዘብህ ያለበት ሰው አለ? ለዘመድ የከፈልኸው አለ? እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው ሰው በስልክ የሚሠራ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ይመደብለታል፤ ልጅን ወይም ጎረቤትን ይዞ መቅረብ አያስፈልግም፣ ገመናም በቤተሰብ አፍ አይወራም። ብዙ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ቀጣሪ ሰውን ኪሳራ ስላወጀ ብቻ ከሥራ ማባረር አይችልም። ደመወዙ በአንድ ዕዳ ምክንያት ስለተያዘም እንዲሁ፤ በሁለተኛ ዕዳ ሲያዝ ግን የፌዴራሉ ሕግ ይህን ጥበቃ አይሰጥም። ሁለተኛ ክስ እየመጣበት ያለ ሰው ይህን ልብ ይበል። በብድር ታሪክ መዝገብ ላይ ቻፕተር 7 እስከ 10 ዓመት ይቆያል። ይህ ቀላል አይደለም፤ ቤት የሚያከራይ ሰው ያየዋል፣ መኪና የሚያበድር ያየዋል። ነገር ግን ፍርድ ተፈርዶበት ደመወዙ የተያዘ ሰው መዝገብ ቀድሞውኑ የተበላሸ መሆኑን አብሮ መመዘን ያስፈልጋል።

የነጻነት ትእዛዙ ሲደርስ አጭር ወረቀት ነው። ያ ወረቀት ከተዘረዘሩት ዕዳዎች ዝርዝር ጋር በማይጠፋበት ቦታ ይቀመጥ። የቆየ ዕዳ ከሰብሳቢ ወደ ሰብሳቢ እየተሸጠ ይዞራልና፣ ከዓመታት በኋላ ስሙ ተሰምቶ የማያውቅ ድርጅት ክፈል ብሎ ሊጽፍ፣ አልፎም ሊከስ ይችላል። የተሰረዘን ዕዳ መጠየቅ ራሱ የፍርድ ቤት ትእዛዝ መጣስ ነው። ለእንዲህ ያለው ደብዳቤ የትእዛዙን ቅጂ ከጉዳዩ ቁጥር ጋር በአደራ ፖስታ መላክ፣ መጥሪያ ከመጣ ደግሞ በቀነ ገደቡ ውስጥ ቀርቦ ትእዛዙን ማሳየት ያስፈልጋል።